ብዙኖቪች፣ ታማኝነት ዘጠኝ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ናዝሬት

ይህ ደብተር የኬሚስትሪ ነበር። አራት ገጽ ብቻ ስለጻፍኩበት ኬሚስትሪ የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

ዛሬ እማዬ ከምትሠራበት ሆቴል ጓሮ፣ አንሶላ ከሚሰጣበት ገመድ ሥር፣ ሚስተር ሚላን ሳጥኑን ከፈተልኝ። ሚስተር ሚላን ዩጎዝላቭ ነው። መቂ ሽንኩርት እርሻ ላይ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል፤ ቅዳሜና እሑድ ልብሱን ለማሳጠብና ቢራ ለመጠጣት እኛ ከተማ ይመጣል። እማዬ የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ስለሆነች ካልሲውን ታውቃለች፤ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛውን አውቃለሁ። ሁለቱም ቀዳዳ አላቸው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የጦርነት ጨዋታ ነው። እንደ ማር እንጀራ በስድስት ማዕዘን የተከፋፈለ የድሮ አውሮፓ ካርታ፣ በላዩ የሚሄዱ የካርቶን ወታደሮች፣ መዝሙረ ዳዊት የሚያህል የሕግ መጽሐፍ። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ዳማ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ቢይዙት ሕጉን ሳይጨርሱ ዕድሜያቸው ያልቃል። እንግሊዝ አለ፣ ፈረንሳይ አለ፣ ቱርክ አለ። የሚስተር ሚላን አገር ሰርቢያ ግን የለችም። በቦታዋ ሣር ተሥሏል። ጣቱን ሣሩ ላይ አድርጎ፣ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ንጉሠ ነገሥት እንደነበራቸውና ሣር እንዳልነበሩ ነገረኝ። ቆጣ ብሎ ነው።

ከዚያ ሰርቢያን ሥሪልኝ አለኝ። ለእያንዳንዱ አገር ስልሳ ነጥብ ይሰጣል፤ በፈረሰኛ፣ በምሽግ፣ በገዳምና በመሳፍንት ላይ ማካፈል ነው። እሱ ኅዳር ውስጥ ወደ አገሩ ሲሄድ ለልጁ ይወስድለታል። እሺ አልኩ። ገመቹ አብሮኝ ይሠራል። ገመቹ ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበተው፣ የክፍሌ ልጅ ነው። የእሱ ጽሑፍ የታተመ ይመስላል፣ የኔ ዶሮ የጫረው።

አባዬ ዛሬ ቡልቡላ ሄዷል። ሽንኩርት ልገዛ ነው አለ። መቂ በሽንኩርት ተጥለቅልቃ እያለ፣ መቂን አልፎ ቡልቡላ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሕጉ አንድ ተጫዋች የሚይዘውን ጦርና መሳፍንት በአንድ ላይ «ፋክሽን» ይለዋል። የትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላት ሁለት ትርጉም ሰጠኝ፤ ወገን እና አንጃ። ወገን የለቅሶ ቤት ቃል ነው። አንጃ ግን ጎራዴ ከሰገባው ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ ይመስላል። አንጃ አልኩ። ገመቹ በትልልቁ ጻፈው፤ «የሰርቢያ አንጃ»። ሥሩን በቀይ አሰመረበት።

አባዬን ልጠይቀው ነበር። ባቡር ጣቢያ የዕቃ ጸሐፊ ስለሆነ ቃል ያውቃል። ጋዜጣ ሲያነብ አይቼ ተውኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሚስተር ሚላን ስለ ንጉሠ ነገሥት ዱሻን አጫወተኝ። ሕግ አጻፈ፣ ከመሬት ብር አስቆፈረ፣ ከጀርመን ቅጥር ወታደር አመጣ። ሲሞት መሳፍንቱ አገሩን እንደ ዳቦ ቆራረሱት። ፈረስ አልጎደለንም አለ፤ የጎደለን መተማመን ነው፣ እሱን ጻፊው።

ስለዚህ የኛ ሰርቢያ ጠላቷ ከውስጧ ነው። እያንዳንዱ መስፍን ከዜሮ እስከ አሥር የታማኝነት ቁጥር አለው። ንጉሡ ሲጠራው ዕጣ ይወጣል፤ የወጣው ቁጥር ከመስፍኑ ቁጥር ከበለጠ መስፍኑ ከዳ ማለት ነው። ገመቹ ይህን ሲሰማ እርሳሱን አንሥቶ ሰንጠረዥ ማስመር ጀመረ። የእሱ አድናቆት ይህ ነው።

ግን መሳፍንቱን ከየት እናምጣ? ሰርቦችን አላውቅም። ሰፈራችንን አውቃለሁ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዘገዬ፣ መስፍን ዘጎስላቭ ሆኗል። ምክር ቤት አንደኛ ይደርሳል፣ ጦሩ ግን መንገድ ላይ ምሳ ሲበላ ውጊያው ያልቃል። ከፊት ለፊታችን ያለችው የሴቶች ማኅበሯ እትዬ በላይነሽ፣ ልዕልት በላይኖቫ። ምሽጓ በር የለውም። አባዬ ብዙነህ ደግሞ ብዙኖቪች። ምንም አይናገርም፤ ምሽጉ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ገመቹ እየሳቀ እስክሪብቶው ወደቀበት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ቁጥር በግምት አይሰጥም፤ በሙከራ ነው። ለሦስቱም የተለያየ ምስጢር ነገርኳቸው፤ አደራ ብዬ፣ ዓይኔን እንባ አስመስዬ።

ለእትዬ በላይነሽ፣ ሚስተር ሚላን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሊጠመቅ ነው አልኳት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ወሬው ወደኔ ሲመለስ ሰውዬው ዝዋይ ደሴት ላይ መንኩሷል። አንድ።

ለጓድ ዘገዬ፣ ዳይሬክተራችን ጠጉሩን ቀለም እንደሚቀባ። ሁለት ቀን ቻለ። በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ኮፍያ አድርጎ መጣ። ሁለት።

ለአባዬ፣ ሒሳብ ወድቄ ወረቀቱን እንደቀደድኩት። አራተኛ ቀኑ ነው። ለእማዬ አልተናገረም። እኔንም አልተቆጣኝም፤ ዛሬ ጠዋት ብቻ እርሳስ ቀርጾ ከደብተሬ አጠገብ አስቀምጦልኛል። እንደታሸገ ፉርጎ ነው አባዬ። ዘጠኝ ሰጠሁት። አሥርን ገመቹ ለፈረሶች ብቻ ነው አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

እንደገና ቡልቡላ። ሰማያዊ ሹራቡን ለብሶ ሄደ፣ ያለ ሹራብ ተመለሰ። ሦስት ሽንኩርት ይዟል። ለሦስት ሽንኩርት ሹራብ የሚሸጥ ሰው የባቡር ጣቢያ ዕቃ እንዴት እንደሚጽፍ እንጃ።

የገመቹ እናት እትዬ ጉዲቱ በምሽት ቅቤ ይዛ መጣች። እኛ ምን አድርገንላት? ከእማዬ ጋር በኦሮምኛ በዝግታ ያወራሉ፤ ስገባ ስለ አየሩ መብረድ ሆነ።

ገመቹን ቡልቡላ ምን አለ ብዬ ጠየቅኩት። «ዝም በይ የሺ» አለኝ። ሳቁ የት ሄደ? ያ ልጅ የሚደብቀኝ ነገር አለ። ታላቅ ወንድሙን ገርባን የት ነው ሲሉትም እንዲሁ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ የተጠራ ሳምንት ከቤት የጠፋው ገርባ ማለቴ ነው። ገመቹ «ሐረር፣ አክስቱ ጋ» የሚለው ጥያቄው ሳያልቅ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

የመሳፍንቱ ወረቀት የለም።

ፍራሹን አነሣሁ። ደብተር ሁሉ አራገፍኩ። የለም። ትናንት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቤት የገባ ሰው የለም። እትዬ በላይነሽ በርበሬ ልትበደር ብቅ ብላ ነበር፣ እሷም ከበር አላለፈችም፤ እማዬ ናት ቋጥራ የሰጠቻት።

ገመቹ ይሆን? ሊያስፈራራኝ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ገመቹ አይደለም፤ ማለ። ሲምል ግን ወደ ጫማው ያያል። እሱም አንቺ ነሽ የደበቅሽው አለኝ። ተጣላን።

እትዬ በላይነሽ ዛሬ በመንገድ ስታገኘኝ ጉንጬን ሳመችኝ። ስማኝ አታውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

በቀበሌው ሱቅ የሳሙና ሰልፍ ላይ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች።

«ዝርዝር ተገኘ አሉ። የኮድ ስም ሁሉ አላቸው።»

«የምን ዝርዝር?»

ሁለተኛዋ ጆሮዋን አስጠጋች፤ የመጀመሪያዋ ቃሉን በትንፋሽ ተናገረችው። ቃላችን ነበር። ሳሙናውን ሳልወስድ መጣሁ።

ገመቹ ቃሉ ምን እንደሆነ እናቱን ጠየቃት። መጀመሪያ ተነሥታ በሩን ዘጋች። በኋላ ነገረችው። አባቱን በ1970 ከቤት የወሰዱት «አንጃ» ብለው ነው። እኔ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እሱ ስምንት። ማንም ፊታችን ብሎት አያውቅም። አሁን ገመቹ ያን ቃል በገዛ እጁ፣ በቀይ አስምሮበታል።

መዝገበ ቃላቱ ላይ «ወገን» የሚል ነበር። ከአንጃ በፊት ነበር የተጻፈው። አይቼው ነው ያለፍኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

አባዬ ዛሬ ቡልቡላ አልሄደም። የውጭውን በር እያየ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ከገመቹ ጋር ቁጥር የምትጽፉበት ወረቀት ነበራችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የሒሳብ ነው አልኩ። እሺ አለ። 

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ጓድ ዘገዬ በራችን ላይ ቆሞ በጣም ደስ ብሎታል። ለአላፊ አግዳሚው እንዲሰማ አድርጎ፣ ጠላት በራሱ ሰነድ ላይ የመሰከረለት አብዮታዊ እሱ መሆኑን ተናገረ። ለአንጃው ያለው ታማኝነት ከአሥር ሁለት። እትዬ በላይነሽ ከደጇ ሆና እሷ አንድ እንደሆነች አስታወሰችው፤ ከሊቀመንበሩ ትበልጣለች ማለት ነው። ተኮሳተሩ።

ሳቅ መጣብኝ። ከዚያ ገባኝ።

ሁለት ደግ ከሆነ፣ ዘጠኝ ምንድን ነው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች። አባዬን ከጣቢያው ወሰዱት። እስክሪብቶው ጆሮው ላይ እንደተሰካ።

እኔ ነኝ። ዘጠኙን በፍቅር ሰጥቼው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

እማዬ ምሳ ይዛ ቀበሌ ሄደች፤ አባዬ ሳይቀምስ መለሰው። ከሳህኑ ጋር አንድ ቃል ላከ፤ «ሽንኩርቱ እንዳይበላሽ።» አብዮት ጠባቂው እየሳቀ ነው ያደረሰው፤ ሰው ታስሮ ስለ ሽንኩርት ያስባል?

እማዬ አልሳቀችም። እትዬ ጉዲቱ ቤት ገባች። ከሩብ ሰዓት በኋላ እትዬ ጉዲቱ የአባዬን ካፖርት በክንዷ ይዛ ወደ መናኸሪያው ሄደች። ሽንኩርት ልትገዛ ነው አሉኝ። ካፖርት ይዛ። እሺ አልኩ። እኔም ዛሬ እሺ ማለት ተማርኩ።

ገመቹ ጽሑፉ የኔ ነው፣ ሄጄ እናገራለሁ አለ። በሩ ላይ ቆምኩበት። አባቱ በዚያ ቃል መዝገብ ውስጥ አለ። ከገባ አይወጣም፤ ቢወጣም መጀመሪያ ስለ ገርባ ይጠይቁታል።

«እና ማን ይሂድ?» አለኝ።

«ቀበጧ እኔ።»

ዓርብ፣ ኅዳር 13

እንዳልረሳ ሁሉንም እጽፋለሁ።

አዳራሹ ውስጥ ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ጓድ ዘገዬ፣ ጸሐፊው፣ እትዬ በላይነሽ። አባዬ አግዳሚ ላይ፣ ቀበቶውን ወስደውበታል። እማዬ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ውጭ መስኮቱ ላይ የሰፈር ሰው ተደርድሯል።

ጓድ ዘገዬ ወረቀቱን ዘረጋና ሁለቴ አነጠሰ። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር። በርበሬ። እማዬን አየኋት፤ እሷም ወረቀቱን አየች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከተማውን ስጠረጥር የከረምኩት እናቴ በርበሬ ስለቋጠረችበት ነው።

ጨዋታ ነው አልኩ። ካርታውን፣ ዕጣውን፣ ንጉሡን አስረዳሁ። ስህተት ነበር። «ንጉሥ» ስል ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ፣ ጻፈ። የጓድ ዘገዬም ፊት እየጠቆረ ሄደ፤ በንጉሡ አይመስለኝም። ጨዋታ ከሆነ የሱ ሁለት የአብዮተኛ ሁለት አይደለም፤ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የማይታመን ሰው ነው ብላ የሰጠችው ሁለት ነው። እትዬ በላይነሽም የራሷን አንድ መልቀቅ አልፈለገችም። ከፊቴ የተቀመጡት ሰዎች ወረቀቱ እውነት እንዲሆን ይፈልጋሉ። የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ እንኳን የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የሚያየው ቁጥሩን ነው።

ስለዚህ እውነት አደረግኩት።

«ቁጥሩ ልክ ነው ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ። «አንዱ ብቻ ነው የተሳሳተው። የአባቴ።»

«ስንት ነው ልኩ?»

«ዜሮ።»

መስኮቱ ላይ ሰው ተንጫጫ። ጓድ ዘገዬ አገጩን አከከ። «ከኔም ያነሰ?»

«ያነሰ። ግን እርስዎ ሁለት የደረሱት በትግል ነው፤ እሱ ዜሮ የሆነው በተፈጥሮው ነው። ማን ቢጠራው ይሄዳል? ለስብሰባ እንኳን ስንቴ ቀርቷል።»

ይህ ደስ አለው። ከዚያ ወደፊት አጎነበሰ፤ ድምፁም ዝቅ አለ።

«በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከከተማ ይወጣል። የት ነው የሚሄደው?»

አባዬ አንገቱን አላነሣም። እጁ ግን ጉልበቱ ላይ ቆመ። ከውጭ የገመቹ ጭንቅላት በመስኮቱ ጥግ ይታየኛል። ሽንኩርት ብል መቂ አለች፤ ይህን ጓድ ዘገዬም ያውቃል። ዘመድ ብል ስሙን ይሉኛል። አባዬን አየሁት። ለምን እንዳየሁት አላውቅም፤ ጓድ ዘገዬ በዚያው ቅጽበት አነጠሰ።

«ቡልቡላ ውሽማ አለችው» አልኩ።

ከዚያ ሁሉም ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ ለአፍታ ብቻ አየችኝ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «እኔን ሽንኩርት ነው ያለኝ» ብላ እመሬት ላይ ዘጭ አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ዘገዬ እየሳቀ እንደገና አነጠሰ። እትዬ በላይነሽ ደረቷን ይዛ፣ እኔኮ ሹራቡ የጠፋ ጊዜ ጠርጥሬ ነበር አለች። አባዬ ጆሮው ድረስ ቀላ። እውነተኛ መቅላት ነበር፤ ለንስሐ አባቱ እንኳን የአንድ ደቂቃ ወሬ ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ ከተማው ፊት ባለ ውሽማ ሆነ። አልካደም።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ አነበበ፤ «አቶ ብዙነህ ለማንም ሆነ ለምንም ታማኝ አለመሆናቸው፣ ለባለቤታቸው ጭምር፣ በቤተሰብ ምስክርነት ተረጋግጧል፤ በመሆኑም ከተጠቀሰው አንጃ ጋር ሊጠረጠሩ አይችሉም።» አባዬ ፈረመ። ማኅተም ተመታበት። ቀበቶውን መለሱለት።

ወረቀቱን ግን አልመለሱም። ጓድ ዘገዬ የራሱን ሁለት በመስታወት ሊያሰቅለው ነው ይባላል።

እሑድ፣ ኅዳር 15

በላይኖቫ ሥራዋን ጨርሳለች። ጣቢያው ላይ ጫኚዎቹ ሳይቀሩ አባዬን ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ «አንተ ዝምተኛ» ይሉታል። እንደ ሰው መቁጠር የጀመሩት ገና ዛሬ ነው።

ሚስተር ሚላን ትናንት ተሰናበተን። ሰርቢያን በዶሮ ጭረቴ፣ በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት። አንዱን መስፍን አወጣሁት። ስልሳ ነጥብ አልሞላም አለኝ፤ ይጉደል አልኩት።

እትዬ ጉዲቱ ተመልሳለች። ካፖርቱን አላየሁትም። አልጠየቅኩም።

አባዬ ከዓርብ ጀምሮ አላናገረኝም ነበር። እኔም በደሌ ትልቅ ነው ብዬ ፊቱ አልቆምኩም። ዛሬ ከቅዳሴ ስንመለስ ሰዎቹ ከፊት እስኪርቁ ጠበቀ።

«የሺ።»

«አቤት አባዬ።»

«ሌላ ጊዜ እንደዚያ ስትዋሺ ወደኔ አትዪ። ዘገዬ ባያነጥስ ኖሮ አይቶሽ ነበር።»

ቡልቡላ ያለው ገርባ ነው ወይ ልለው ፈለግኩ። እርምጃውን አፈጠነ፤ እኔም ተከተልኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ዛሬ እማዬ ገና በጠዋቱ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ መስኮቱንም። ከዚያ አባዬን ትሰድበው ጀመር። እንዲህ ያለ ስድብ ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ፤ ሽበታም ኮርማ አለችው፣ ሽንኩርት ነጋዴ አለችው፣ የናቱን ጡት ጠቀሰች። እትዬ በላይነሽ ወንበር አውጥታ ደጇ ላይ ተቀመጠች። ገመቹና እናቱም በራቸው ላይ ቆመው ሰሙ።

እኔ ከውስጥ የማየው ሌላ ነው። እማዬ አፏ እየተራገመ እጇ ከረጢት ያጭቃል። ዳቦ፣ በሶ፣ የተጠቀለለ ኪኒን፣ ሁለት ካልሲ። የሚስተር ሚላን የቀሩ ካልሲዎች ናቸው፤ ቀዳዳቸውን ደርዛዋለች። ከረጢቱ አልዘጋ ሲላት በጉልበቷ ተጫነችው፤ በዚያው ትንፋሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሂድና እዚያው ቅርልኝ አለችው።

አባዬ ከረጢቱን ተሸከመ። እንደ በደለኛ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከሰፈራችን እስከ መናኸሪያው፣ ቀበሌው በር ላይ የቆሙት አብዮት ጠባቂዎች ሳይቀሩ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ መንገድ ለቀቀለት።